«ምናባዊ» የተባለው ቁጥር በጠለል ላይ ቦታ ያገኘበት ታሪክ፤ የኮምፕሌክስ ትንተና ጂኦሜትሪያዊ መንገድ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ከተማሪዎቹ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች ሁሉ ለመመለስ የሚከብደው ምናልባት «ይህ ነገር የት አለ?» የሚለው ነው። ስለ ጎነ ሦስት ወይም ስለ ክፍልፋይ ቢጠየቅ በጣቱ ሊያሳይ ይችላል። በራሱ ሲባዛ አሉታዊ አንድ ስለሚሆነው ቁጥር ሲጠየቅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «እንዲህ ይሁን ብለን ተስማምተናል» የሚል ነው። ተማሪው ይህን መልስ ተቀብሎ ስሌቱን ይለማመዳል፤ ፈተናውንም ያልፋል፤ ቁጥሩ ግን ለርሱ ባዕድ እንደሆነ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ጥያቄ በሒሳብ ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደተነሣ፣ መልሱ ከማን እንደመጣና ተቀባይነት ለማግኘት ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት መመርመር ነው። መልሱ ጂኦሜትሪያዊ ነበር። ይሁን እንጂ የኮምፕሌክስ ትንተና ከሥዕል ጋር የነበረው ኑሮ ሰላማዊ ነበር ለማለት አይቻልም። ሥዕል ዕውቀትን ይወልዳል ወይስ ያስታል የሚለው ክርክር ይህን የሒሳብ ዘርፍ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከተለው ኖሯል። ክርክሩን ማወቅ ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን በጥቁር ሰሌዳ ፊት ለሚቆም መምህርም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሌቱ ከትርጕሙ በፊት

የአሉታዊ ቁጥር ዳግም ዘር በታተመ መጽሐፍ ውስጥ በግልጽ ተሰልቶ የሚገኘው ጣሊያናዊው ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ጄሮላሞ ካርዳኖ በ1545 ባሳተመው «አርስ ማግና» በተባለው ሥራው ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ 10ን በሁለት ክፈል፣ የሁለቱም ክፍሎች ብዜት 40 ይሁን ይላል። 10 ለሁለት ሲከፈል ሊገኝ የሚችለው ትልቁ ብዜት 5 ጊዜ 5፣ ማለትም 25 ስለሆነ ጥያቄው በተለመደው አነጋገር መልስ የለውም። ካርዳኖ ግን ደንቡን ሳይለቅ ተከትሎ 5+√−15 እና 5−√−15 የተባሉትን አገኘ፤ አባዝቷቸውም 25+15፣ ማለትም 40 እንደሚሆኑ አሳየ። ለውጤቱ ግን ክብር አልሰጠውም፤ ረቂቅነቱን እንጂ ጥቅሙን አላየም።

ጥቅሙን ያሳየው የቦሎኛው መሐንዲስ ራፋኤል ቦምቤሊ ነው። በ1572 በታተመው የአልጀብራ መጽሐፉ የሚከተለውን እንመለከታለን። ሣልስ ርቢው የራሱ 15 እጥፍ ሲደመር 4 የሚሆነው ቁጥር ማን ነው? መልሱ 4 መሆኑን ማንም ሊያረጋግጥ ይችላል፤ 64 ከ60 ሲደመር 4 ጋር እኩል ነውና። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የታወቀው ደንብ ይህንን 4 በቀጥታ አይሰጥም፤ የሚሰጠው የ2+√−121 እና የ2−√−121 ሣልስ ዘሮች ድምር ነው። ቦምቤሊ በድፍረት ወደ ስሌቱ ገባ። 2+√−1 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2+11√−1 እንደሚሆን፣ ይህም ያው 2+√−121 መሆኑን አገኘ። ስለዚህ ሁለቱ ሣልስ ዘሮች 2+√−1 እና 2−√−1 ናቸው፤ ሲደመሩም 4 ይሆናሉ። ማንም ወደማይክደው ወደ 4 የሚያደርሰው መንገድ ሁሉም በሚክደው አገር በኩል አለፈ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ እነዚህን ቁጥሮች ወርውሮ መጣል አልተቻለም፤ መቀበልም አልተቻለም። ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት በ1637 በጂኦሜትሪ መጽሐፉ «ምናባዊ» የሚል ስም ሰጣቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ተጣብቆባቸው ይኖራል። እግረ መንገዳችንን ለማንሣት ያህል፣ በአማርኛ የማስተማሪያ ጽሑፍም «ምናባዊ ቁጥር» ስንል የምንተረጕመው ቃሉን ብቻ ሳይሆን የዴካርትን ጥርጣሬ ጭምር ነው። ተማሪው ገና ትርጓሜውን ሳይሰማ ነገሩ የሌለ መሆኑን ከስሙ ይማራል።

ቁጥሩን ከመሬት ጋር ለማገናኘት የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው እንግሊዛዊው ጆን ዋሊስ ነው። በ1685 ባሳተመው የአልጀብራ ድርሰት የሰጠው ምሳሌ ለገበሬ እንኳ የሚገባ ነው። አንድ ሰው በአንድ ወገን ከባሕር 30 ኤከር መሬት ቢያገኝ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ባሕሩ 20 ኤከር ቢወስድበት የቀረው ትርፍ 10 ኤከር ወይም 1,600 ካሬ ፐርች ነው፤ መሬቱ አራት ማዕዘኑ እኩል ቢሆን ጎኑ 40 ፐርች ይሆናል። ባሕሩ ሌላ 20 ኤከር ቢጨምር ግን ሰውየው የ10 ኤከር ባለዕዳ ሆኗል፤ ስፋቱ −1,600 ነው። ታዲያ የዚህ የጠፋ መሬት ጎን ስንት ነው? ዋሊስ ጥያቄውን በሚገባ አቀረበው፤ በጠለል ላይ የሚሆን ቦታ ለመፈለግም ሞከረ። ነገር ግን የማባዛት ሥራ በሥዕሉ ላይ ምን እንደሚመስል ስላልደረሰበት ሙከራው ፍሬ ሳያፈራ ቀረ።

በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት ሌዎንሃርድ ኦይለር እነዚህን ቁጥሮች እንደ ቤተኛ ተገለገለባቸው። በ1748 ባሳተመው የትንተና መግቢያ ሳይንንና ኮሳይንን ከኤክስፖኔንሻል ፈንክሽን ጋር ያገናኘበት ቀመር የክብን ዙርና የምናባዊ ቁጥርን ቁርኝት በግልጽ ያሳያል። ሆኖም ቁጥሩ ራሱ በጠለል ላይ ያለ ነጥብ ነው የሚለው ሐሳብ፣ ይህን ያህል ሲቃረቡት፣ እንደ መሠረት አልተነገረም።

የቀያሹ መልስ

መልሱ የመጣው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከቀያሽ ነበር። ካስፓር ቬሰል በ1745 በኖርዌይ የተወለደ፣ ከ1764 ጀምሮ በዴንማርክ የሳይንስ አካዳሚ የቅየሳ ሥራ ተቀጥሮ የኖረ ሰው ነው። ወንድሙ ዮሐን ኸርማን ቬሰል በባለቅኔነቱ የታወቀ ነበር፤ ካስፓር ግን ዕድሜውን ያሳለፈው ርቀትና ማዕዘን እየለካ፣ ከልኬቱም ካርታ እየሠራ ነው። ለቀያሽ መስመር ማለት ርዝመት ብቻ አይደለም፤ አቅጣጫም አለው። ከአንዱ ችካል ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው የተጓዘ ሰው በመጨረሻ ከመነሻው ምን ያህልና ወዴት እንደራቀ ለማወቅ ይፈልጋል። ቬሰል የጠየቀው ይህን ነበር፤ አቅጣጫ ያለውን መስመር በአልጀብራ እንዴት ልጻፍ?

ጥናቱን በመጋቢት 1797 ለአካዳሚው አቀረበ፤ በ1799ም ታተመ። መደመር ለርሱ ጉዞን ከጉዞ መቀጠል ነው። ማባዛትን ደግሞ እንዲህ ደነገገው። የሁለት መስመሮች ብዜት ርዝመት የርዝመቶቻቸው ብዜት ነው፤ የብዜቱ አቅጣጫ የማዕዘኖቻቸው ድምር ነው። ከዚህ በኋላ ምስጢሩ በራሱ ይፈታል። ወደ ቀኝ የሚያመለክተውን የአንድ ልክ መስመር +1 እንበለው፤ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው የአንድ ልክ መስመር ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። ይህ መስመር በራሱ ሲባዛ ርዝመቱ 1፣ ማዕዘኑ 180 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህም ወደ ግራ የሚያመለክተው −1 ነው። እንግዲህ √−1 የሌለ ነገር አይደለም፤ የሩብ ዙር መታጠፍ ነው።

አንባቢ በወረቀት ላይ ሊሞክረው ይችላል። 3+2√−1 ማለት ወደ ቀኝ 3፣ ወደ ላይ 2 ርምጃ የሚገኝ ነጥብ ነው። በ√−1 ሲባዛ −2+3√−1 ይሆናል፤ ይህም ወደ ግራ 2፣ ወደ ላይ 3 ነው። ሁለቱን ነጥቦች ከመነሻው ጋር በመስመር ብናገናኝ መስመሮቹ እኩል ርዝመት ያላቸውና ቀጤ ነክ ሆነው ይገኛሉ። ከዚሁ ሥዕል ሌላ ትርፍም ይገኛል። አሉታዊ ቁጥር በአሉታዊ ቁጥር ሲባዛ አዎንታዊ የሚሆነው ለምንድን ነው የሚለው የታችኛው ክፍል ተማሪ ጥያቄ እዚሁ ይመለሳል፤ ግማሽ ዙር ከግማሽ ዙር ጋር ሙሉ ዙር ነውና።

የቬሰል ጽሑፍ በዴንማርክ ቋንቋ የተጻፈ ነበር፤ አንባቢም አላገኘም። ቬሰል በ1818 ሲሞት ሥራው ተዘንግቶ ነበር፤ እንደገና የተነሣው በ1895፣ ወደ ፈረንሳይኛ የተተረጐመውም በ1897፣ ከቀረበ ልክ መቶ ዓመት በኋላ ነው። በዚህ መካከል ሌሎች ያንኑ ሐሳብ ለየራሳቸው ማግኘት ግድ ሆነባቸው።

ከነዚህ አንዱ አርጋን ነው። በ1806 በፓሪስ የደራሲ ስም ያልታተመበት አነስተኛ መጽሐፍ አወጣ። አነሣሡ ከቬሰል ይለያል፤ አርጋን የጀመረው ከንጽጽር ነው። +1 ለአንድ ነገር እንደሆነ ያው ነገር ለ−1 እንዲሁ የሚሆነው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። በቁጥር መስመር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ከመስመሩ ወጥቶ ቀጤ ነክ የቆመው የአንድ ልክ ግን ከሁለቱም እኩል ማዕዘን ስለሚርቅ ንጽጽሩን ያሟላል። መጽሐፉ በሊቁ ሌዣንድር እጅ ገባ፤ ሌዣንድርም ስለ ሐሳቡ ለፍራንሷ ፍራንሴ በደብዳቤ ጻፈለት። ፍራንሴ ሲሞት ወንድሙ ዣክ ደብዳቤውን ከወረቀቶቹ መካከል አግኝቶ በ1813 በዤርጎን የሒሳብ መጽሔት ሐሳቡን አሳተመ፤ የሐሳቡ ባለቤት የማይታወቅ መሆኑንም በሐቀኝነት ገልጾ ራሱን እንዲያሳውቅ ጠየቀ። አርጋንም መለሰ። በጽሑፍ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨዋነት ዘወትር አይገኝም።

በዚያው መጽሔት ላይ የተነሣው ተቃውሞ ለኛ ርእሰ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው። ሰርቧ የተባለው የሒሳብ ሊቅ ይህ ሁሉ ሥዕል በአልጀብራው ፊት ላይ የተደረገ ጭምብል ነው ሲል ነቀፈ። አልጀብራው ያለ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ጭምብሉ ምን ያደርጋል? ይህ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። ያን ጊዜ ሥዕሉ የሰጠው ትርጕም እንጂ አዲስ ውጤት ገና ጥቂት ነበር። ታላቁ ኦጉስታን ሉዊ ኮሺም ከዚሁ ወገን ነበር ማለት ይቻላል። በ1821 ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፉ የምናባዊ ቁጥሮችን እኩልዮሽ የሁለት ተራ እኩልዮሾች አሕጽሮት ብቻ አድርጎ አቀረበው። ከ1825 ጀምሮ የኮምፕሌክስ ኢንቴግራል ንድፈ ሐሳብን የሠራው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ቁጥሮቹን ጂኦሜትሪያዊ መጠኖች ብሎ በግልጽ የተቀበላቸው በ1840ዎቹ መጨረሻ ነው።

ጋውስና ካርታው

የካርል ፍሪድሪኽ ጋውስን ስም ወደኋላ ያዘገየነው ሐሳቡ ዘግይቶበት አይደለም። በ1811 ለቤሰል በጻፈው ደብዳቤ ቁጥሮቹን በጠለል ላይ እንደሚያያቸውና ኢንቴግራሉም በዚያው ጠለል ላይ በተሰመረ መንገድ እንደሚሄድ አስረድቷል። ለሕዝብ ግን የተናገረው በ1831 ነው። ያን ጊዜ የሰጠው አስተያየት ለመምህራን በተለይ ይጠቅማል። +1፣ −1 እና √−1 አዎንታዊ፣ አሉታዊና ምናባዊ ከመባል ይልቅ ፊተኛ፣ ኋለኛና ጎነኛ በሚሉ ዐይነት ስሞች ተጠርተው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጨለማ ባልወረደ ነበር ሲል አሳሰበ። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ከርሱ የሚበልጥ ሥልጣን ያለው የሒሳብ ሊቅ ስላልነበረ ጥርጣሬው ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄደ። ቬሰልና አርጋን ያልተሰሙበት ነገር በጋውስ አፍ ሲነገር ተሰማ፤ ይህም ስለ ዕውቀት መስፋፋት የሚያሳዝን እውነት ይነግረናል።

ጋውስም እንደ ቬሰል ቀያሽ ነበር። በ1820ዎቹ የሐኖቨርን ግዛት በጎነ ሦስት ሰንሰለት ለካ፤ የፀሐይን ብርሃን ከሩቅ ጫፍ ወደ ጫፍ የሚያንጸባርቅ ሄሊዮትሮፕ የተባለ መሣሪያም በ1821 ፈለሰፈ። ከዚህ ሥራ ጋር ተያይዞ የመጣው ጥያቄ የካርታ ጥያቄ ነው። የሉልን ገጽ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ሳያዛቡ ማስፈር አይቻልም፤ ሁሉን መጠበቅ ካልተቻለ የቱን እንጠብቅ? የመርከበኞች መልስ ማዕዘንን የሚል ነበር። በ1569 መርካቶር የሠራው ካርታ ማዕዘንን ጠብቆ ስፋትን ይሠዋል፤ ግሪንላንድን በ14 እጥፍ ገደማ ከሚበልጣት ከአፍሪካ ጋር ተወዳዳሪ አስመስሎ የሚያሳየው በዚሁ ምክንያት ነው። ዮሐን ሃይንሪኽ ላምበርት በ1772 ማዕዘን ጠባቂ የሆኑ አዳዲስ ካርታዎችን ሠራ። ጋውስ ደግሞ በ1825 በታተመው ጥናቱ ጥያቄውን በጠቅላላው ፈታው፤ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው ማዕዘንን ጠብቆ የሚያስተላልፍ መንገድ ሁሉ የሚገኘው በኮምፕሌክስ ፈንክሽን መሆኑን አሳየ።

ይህ ነገር ከአገራችን የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ የ1:50,000 መልክአ ምድራዊ ካርታዎች የሚጠቀሙበት ዩ.ቲ.ኤም. የተባለው የካርታ ሥርዓት የጋውስን የሐኖቨር ሥራ ተከትሎ ከመጣው ከዚሁ ማዕዘን ጠባቂ ቤተሰብ ነው። አገሪቱ በ36ኛው፣ በ37ኛውና በ38ኛው ቀጠና ውስጥ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ በ37ኛው ቀጠና መካከለኛ መስመር፣ ማለትም በ39 ዲግሪ ምሥራቅ አጠገብ ናት። በዚህ ካርታ ላይ ማዕዘን የሚለካ ቀያሽ ሳያውቀው የኮምፕሌክስ ፈንክሽን ጠባይ ይጠቀማል።

ጠባዩ ምንድን ነው? ዲሪቫቲቭ ማለት የለውጥ ፍጥነት ነው ብለን እናስተምራለን፤ በጠለል ላይ ግን ዲሪቫቲቭ ራሱ ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው፤ በርሱ ማባዛትም፣ ቬሰል እንዳስተማረን፣ ማስፋትና ማዞር ነው። ማንኛውንም ቁጥር በራሱ የሚያባዛውን ፈንክሽን እንውሰድ። በ3 አጠገብ ዲሪቫቲቩ 6 ነው። ከ3 ወደ ቀኝ በ0.1 ብንርቅ 3.1 በራሱ ሲባዛ 9.61 ይሆናል፤ ከ9 በ0.61 ራቀ። ወደ ላይ በ0.1 ብንርቅ ደግሞ ውጤቱ 8.99+0.6√−1 ነው፤ ከ9 ወደ ላይ በ0.6 ያህል ራቀ። በሁለቱም አቅጣጫ ርቀቱ በ6 እጥፍ ገደማ ሰፋ፤ አቅጣጫውም አልተለወጠም። በ1+√−1 አጠገብ ግን ዲሪቫቲቩ 2+2√−1 ስለሆነ በዚያ ያለች ትንሽ ሥዕል በ2.83 እጥፍ ገደማ ትሰፋለች፣ በ45 ዲግሪም ትዞራለች። በየቦታው መስፋቱና መዞሩ ይለያያል፤ ነገር ግን በአንድ ቦታ ላይ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ስለሆነ ትንሿ ሥዕል መልኳን አትለቅም። በካሬ ወረቀት ላይ ያሉት የአግድምና የቁም መስመሮች በዚህ ፈንክሽን ወደ ፓራቦላዎች ይለወጣሉ፤ ፓራቦላዎቹም እንደ ቀድሞው ቀጤ ነክ ሆነው ይቋረጣሉ። ደንቡ የሚፈርሰው ዲሪቫቲቩ ዜሮ በሚሆንበት ቦታ፣ እዚህ ላይ በመነሻው ነጥብ ብቻ ነው፤ በዚያ ማዕዘን ሁሉ እጥፍ ይሆናል።

ሪማን

ይህን ጠባይ ከውጤትነት ወደ መሠረትነት ያሻገረው ቤርንሃርድ ሪማን ነው። በ1851 በጎቲንገን ባቀረበው የዶክትሬት ድርሰት ኮምፕሌክስ ፈንክሽንን በቀመር አልተረጐመውም። ዲሪቫቲቩ በአቅጣጫ የማይለወጥ፣ ስለዚህም ትንንሽ ሥዕሎችን መልካቸውን ጠብቆ የሚያስተላልፍ ነው ብሎ ጀመረ። ቀመር ሳይጻፍ ፈንክሽኑን ማወቅ ይቻላል፤ በድንበሩ ላይ የሚሆነውንና የሚሰበርበትን ቦታ ማወቅ ይበቃል አለ።

ከዚያ ሁለት ታላላቅ ነገሮች ተከተሉ። አንደኛው የሪማን ገጽ ነው። የአንድን ቁጥር ዳግም ዘር ስንፈልግ ሁለት መልስ ይገኛል፤ የቱን እንያዝ? 1 ላይ ቆመን ዘሩን 1 ብለን እንጀምርና በመነሻው ዙሪያ በክብ እንጓዝ። ዘሩ በግማሽ ማዕዘን ይከተለናል። አንድ ሙሉ ዙር ጨርሰን ወደ 1 ስንመለስ ዘሩ የዞረው 180 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ስለዚህ −1 ላይ ቆሟል። ሁለተኛ ዙር ብንጨምር ግን ወደ 1 ይመለሳል። ሪማን ያለው ይህ ነው፤ ጠለሉ አንድ ስለሆነ ነው የተቸገራችሁት፤ ሁለት ጠለል ደርቡ፤ ከመነሻው ጀምሮ በአንድ መስመር ቅደዱና የላይኛውን ከንፈር ከታችኛው ጋር አቋርጣችሁ ስፉት። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ መልስ ብቻ ይኖራል። ሁለተኛው የመተላለፍ ቴዎረም ነው፤ ቀዳዳ የሌለው ማናቸውም የጠለል ክፍል፣ ጠለሉ በሙሉ ካልሆነ በስተቀር፣ ድንበሩ የቱንም ያህል ቢጣመም ማዕዘንን ጠብቆ ወደ ክብ ገበታ ሊተላለፍ ይችላል።

የሰርቧ ጥያቄ እዚህ ላይ ምላሽ አገኘ። ይህን ቴዎረም የሚያህል ነገር ከአልጀብራው ብቻ ይወጣ ነበር ብሎ መከራከር ይከብዳል። ነገር ግን አዲስ ችግር ተፈጠረ።

ክርክሩ

ሪማን ለማስረጃው የተመረኰዘው የዲሪክሌ መርህ በሚባለው ላይ ነበር። በአጭሩ፣ በአንድ ድንበር ላይ ከተዘረጉት ፈንክሽኖች መካከል የተወሰነ ጉልበታቸው ከሁሉ የሚያንሰውን እንውሰድ ይላል። ሥዕሉ ይህን ያሳምናል፤ በቀለበት ላይ የተወጠረ ሽፋን በርግጥ አንድ ቦታ ላይ ይረጋልና። ካርል ቫየርሽትራስ በ1870 ለበርሊን አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ ግን ከሁሉ የሚያንስ አለ የሚለው ግምት ማስረጃ እንደሚፈልግ በምሳሌ አሳየ። ነገሩን ለተማሪ ማስረዳት አይከብድም፤ ከዜሮ ከሚበልጡት ቁጥሮች መካከል ትንሹ የቱ ነው ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሁሉም ከዜሮ በላይ ናቸው፤ ትንሹ ግን የለም።

ሪማን በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም፤ በ1866 በጣሊያን አገር በ39 ዓመቱ ሞቷል። ቫየርሽትራስ በ1875 ለተማሪው ለሽቫርትስ በጻፈው ደብዳቤ የዚህ ትምህርት መሠረት በቀላል የአልጀብራ እውነቶች ላይ መጣል እንዳለበት አስታወቀ፤ እርሱም በርሱ ትምህርት ቤት ያደጉትም በፓወር ሲሪስ ላይ የቆመ፣ ሥዕል የማይፈልግ፣ ንጹሕ የሆነ ሕንጻ ሠሩ። የሪማን ወገን ዝም አላለም። ፌሊክስ ክላይን በ1882 ባወጣው መጽሐፍ የሪማንን ንድፈ ሐሳብ በገጽ ላይ በሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት አስረዳ። በዚያው ዘመን አንሪ ፖይንካሬ የራሱን ፈንክሽኖች የሚለዋውጡት ሥራዎች የኢዩክሊድ ባልሆነው ጂኦሜትሪ ውስጥ ያሉ እንቅስቃሴዎች መሆናቸውን ወደ አውቶቡስ ሲሳፈር በድንገት እንደተገነዘበ በ1908 ተርኳል።

በኛ አስተያየት በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ነበር፤ ግን ስለ አንድ ነገር አልነበረም የሚናገሩት። ቫየርሽትራስ ማስረጃው ጎዶሎ ነው አለ፤ ትክክል ነበር። ሪማን ውጤቱ እንዲህ ነው አለ፤ እርሱም ትክክል ነበር። በ1900 ገደማ ዳቪድ ሂልበርት የዲሪክሌን መርህ በተገቢ ቅድመ ሁኔታ ከውድቀት አነሣው፤ በዚያው በ1900 አሜሪካዊው ዊሊያም ኦስጉድ የመተላለፍ ቴዎረሙን ያለ ቀዳዳ አረጋገጠ። በ1913 ኸርማን ቫይል የሪማንን ገጽ የተመለከተውን መጽሐፍ ሲያሳትም እነዚያ የተሰፉት ጠለሎች ከምሳሌነት ወጥተው በጥብቅ ትርጓሜ የቆሙ የሒሳብ ነገሮች ሆኑ። ሥዕሉ ከታየበት እስከተረጋገጠበት ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ፤ ነገር ግን የሚረጋገጠው ምን እንደሆነ የነገራቸው ሥዕሉ ነበር። በ1910 ገደማም ሩሲያዊው ዡኮቭስኪ ክብን በቀላል ኮምፕሌክስ ፈንክሽን ወደ አውሮፕላን ክንፍ ቅርጽ ለውጦ የአየሩን ፍሰት ለማስላት ተጠቀመበት።

በማስተማሪያ መጻሕፍት ላይ ክርክሩ ገና አላበቃም። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ምዕራፍ ጠለሉን ይሥላሉ፤ በሁለተኛው ይረሱታል። በ1936 በኦስሎ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የፊልድስ ሜዳይ ተሸላሚዎች አንዱ የሆነው ፊንላንዳዊው ላርስ አልፎርስ በ1953 ያሳተመው መጽሐፍ ከጥብቅ ማስረጃ ጋር ጂኦሜትሪውን አብሮ ያስኬዳል። እንግሊዛዊው ትሪስታን ኒድሃም ደግሞ በ1997 ባወጣው ሥራ ሥዕልን ከረዳትነት አውጥቶ የትምህርቱ ቋንቋ አደረገው፤ ለጥብቅነት ያለው ግድ ግን ከአልፎርስ ያነሰ መሆኑን ደራሲው ራሱ አይደብቅም። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ለሚያስተምር፣ ሁለተኛውን ለሚማር መስጠት መልካም ይመስለናል።

በክፍል ውስጥ ግን መጽሐፍ ከመድረሱ በፊት ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ሁለት ክብ ወረቀት፣ መቀስና ሙጫ ይበቃል። ሁለቱም ከጠርዝ እስከ መካከል ይቀደዳሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል፤ የላይኛው ወረቀት አንዱ ከንፈር ከታችኛው ተቃራኒ ከንፈር ጋር ይጣበቃል። ተማሪው ጣቱን ከላይኛው ወረቀት አስነሥቶ በመካከሉ ዙሪያ ሲያዞር በአንድ ዙር ወደ ታችኛው ይወርዳል። ወደ ላይኛው የሚመልሰውን ሁለተኛውን ስፌት ለመስፋት ሲሞክር ግን ወረቀቱ በወረቀት ውስጥ ማለፍ ስለማይችል ሥራው ይቆማል። መምህሩ እዚህ ላይ ወረቀቱን አስቀምጦ የቀረውን በቃል ያስረዳል።